ጉልበትና ጥበብ በበረዶ ሜዳ ላይ፤ የባለሙያ ሆኪ አጨዋወት በጥበበኛ ተጫዋቾች ላይ ስለሚያስከትለው ውጤት

መግቢያ

የአንድ ጨዋታ ደንብ በወረቀት ላይ ያው ሆኖ ሳለ፣ አፈጻጸሙ ከዘመን ዘመን ሲለዋወጥ የጨዋታው መልክ አብሮ ይለወጣል። መልኩ ሲለወጥም አንዱ ዐይነት ሰው ይነሣል፣ ሌላው ዐይነት ሰው ይወድቃል። ይህ ነገር በሕግም፣ በንግድም፣ በአስተዳደርም ረገድ ብዙ ጊዜ የተነገረ ነው። ነገር ግን በዐይን የሚታየውና በቍጥር የሚለካው በስፖርት ሜዳ ላይ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ አንድ የስፖርት ዐይነት መርጠን ልንመረምር ፈቅደናል። የመረጥነውም በካናዳና በአሜሪካ በሙያነት የሚካሄደውን የበረዶ ሆኪ ነው።

ጥያቄያችን ይህ ነው። በግጭት፣ በመጎተትና በማስፈራራት ላይ የተመሠረተ አጨዋወት በጥበበኛ ተጫዋቾች ላይ ምን ያደርጋል? ጥበበኛ ተጫዋች ስንል በፍጥነት የመንሸራተት፣ አጥርቶ የማቀበል፣ ክፍት ቦታ ቀድሞ የማየትና ግብ የማግባት ችሎታው ከባልንጀሮቹ የላቀውን ማለታችን ነው። ብዙ ተመልካቾች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ «ሆኪ የጠንካሮች ጨዋታ ነው፤ ያልቻለ ይቅርበት» የሚል ነው። እኛ የደረስንበት ሐሳብ ግን ከዚህ ይለያል። ጥበበኛውን ይበልጥ የሚጎዳው ደንቡ የሚፈቅደው ብርቱ ግጭት ሳይሆን፣ ደንቡ ከልክሎት ሳለ ዳኛ አይቶ የሚያልፈው ጥፋት ነው። ይህም የጨዋታው ተፈጥሮ ሳይሆን የሰዎች ውሳኔ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1ኛ. ስለ ጨዋታው ባጭሩ

ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ አንባቢ፣ የበረዶ ሆኪ ከገናችን ጋር ይቀራረባል ቢባል ስሕተት አይሆንም። በሁለቱም ጫፉ የቈለመመ ዱላ ይያዛል፤ በሁለቱም አንዱ ወገን የሌላውን ወገን መከላከያ ጥሶ ለማለፍ ይታገላል። ልዩነቱ የገናው ጥንግ ድቡልቡል ሲሆን፣ በበረዶ ሆኪ የሚመታው ፓክ የሚባል ጠፍጣፋ የጎማ ክብ መሆኑ ነው። የፓክ ክብደት 170 ግራም ያህል ነው። በእያንዳንዱ ወገን አንድ በረኛና አምስት ተንሸራታቾች ይሰለፋሉ። ጨዋታው ባለ 20 ደቂቃ ሦስት ክፍል አለው። ድካሙ ብርቱ ስለ ሆነ ተጫዋቾቹ አንድ ደቂቃ እንኳ በማይሞላ ጊዜ እየተፈራረቁ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ሜዳው ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ ስለ ሆነ፣ የተገፋ ሰው የሚያርፈው በግድግዳው ላይ ነው።

ግብ ላገባ አንድ ነጥብ፣ ለግቡ ላቀበሉ እስከ ሁለት ሰዎች ድረስ ለእያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ ይመዘገባል። ከዚህ በታች «ነጥብ» ስንል ይህን ማለታችን ነው። ጥፋት የሠራ ተጫዋች እንደ ጥፋቱ መጠን 2 ወይም 5 ደቂቃ በቅጣት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ቡድኑም በዚያ ጊዜ አንድ ሰው ጐድሎት ይጫወታል። ፓክ የያዘውን ሰው በትከሻና በደረት መግጨት የተፈቀደ ነው። በዱላ መምታት፣ በዱላ ጫፍ መጥለፍ፣ በእጅ መያዝና ፓክ ያልያዘውን ሰው ማገድ ግን ክልክል ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ልዩነት ላይ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ልብ እንዲለው እንለምናለን።

2ኛ. የቦታና የፍጥነት ሒሳብ

በሰሜን አሜሪካ የሚሠራበት ሜዳ ርዝመቱ 61 ሜትር፣ ስፋቱ 26 ሜትር ያህል ነው። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን የተለመደው ሜዳ ግን 60 ሜትር በ30 ሜትር ነው። የማዕዘኖቹን መጠጋጋት ትተን ብናሰላው፣ የመጀመሪያው 1580 ሜትር ካሬ፣ ሁለተኛው 1800 ሜትር ካሬ ይሆናል። ለዐሥሩ ተንሸራታቾች ብናካፍለው በአንደኛው ለአንድ ሰው 158፣ በሁለተኛው 180 ሜትር ካሬ ይደርሰዋል። ስለዚህ በጠባቡ ሜዳ ላይ ፓክ የያዘው ሰው የሚያስብበት ጊዜ ያንሳል፤ ገጪውም ቶሎ ይደርስበታል።

ግጭቱ ምን ያህል እንደሚከብድ ደግሞ በቀላል የፊዚክስ ስሌት መረዳት ይቻላል። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲንሸራተት የሚሸከመው ኀይል፣ ያው ሰው ከ3 ሜትር ተኩል ከፍታ ወድቆ መሬት ሲነካ ከሚኖረው ኀይል ጋር እኩል ነው። ሆኖም ግጭቱን የሚጠብቅ ሰው ጉልበቱን አጥፎ፣ ትከሻውን አስተካክሎ ሊቀበለው ይችላል። ያልጠበቀው ግን አንገቱና ራሱ ያለ መከላከያ ይናወጣል።

በሌላው በኩል ትንሹን ጥፋት እንመልከት። በሰከንድ 8 ሜትር የሚሄደውን አጥቂ ተከላካዩ ከኋላው በዱላው ጫፍ ወገቡን ጠልፎ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ቢያዘገየው፣ አጥቂው 4 ሜትር ያጣል። ጥበበኛው ተጫዋች በልምምድ ብዛት ያገኘው ብልጫ ሁሉ ከዚህ ከ4 ሜትር አይበልጥም። እንግዲህ ብርቱው ግጭት ሰውየውን አልፎ አልፎ ሲጥለው፣ ትንሹ መጎተት ግን በየደቂቃው ጥበቡን ይሰርቀዋል።

3ኛ. ጉልበት ዋጋ ያገኘበት ዘመን

ብሔራዊ የሆኪ ሊግ የተመሠረተው በ1917 ነው። እስከ 1967 ድረስ ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል በስድስት ቡድኖች ብቻ ሲካሄድ ከቈየ በኋላ፣ በዚያ ዓመት የቡድኖቹ ቍጥር በአንድ ጊዜ 12 ሆነ፤ በ1974 ደግሞ 18 ደረሰ። ቡድን በገንዘብ ይመሠረታል፤ ጥበበኛ ተጫዋች ግን በአንድ ክረምት አይበቅልም። አዲሶቹ ቡድኖች በጥበብ ነባሮቹን መወዳደር ስላልቻሉ፣ ቶሎ ሊገኝ የሚችለውን ማለት ጉልበትን ለመግዛት ተገደዱ።

ከእነዚህም አንዱ በ1967 የተቋቋመው የፊላደልፊያ ፍላየርስ ቡድን ነው። ይህ ቡድን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ግዙፋን በነበሩት የሴንት ሉዊስ ተጫዋቾች እየተገፋ ከተሸነፈ በኋላ፣ ባለቤቱ ወደፊት ማንም እንዳይገፋቸው ጠንካራ ሰዎች እንዲሰበሰቡ ወሰነ። በ1974 እና በ1975 የስታንሊን ዋንጫ በተከታታይ ወሰዱ። በ1974–75 ከተጫዋቾቻቸው አንዱ ዴቭ ሹልትዝ በቅጣት ወንበር ላይ 472 ደቂቃ ተቀመጠ፤ ይህም እስከ ዛሬ ድረስ ያልተሰበረ የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። ይሁን እንጂ ፍላየርስን በጉልበት ብቻ አሸነፉ ማለት ከእውነት ያርቃል። መሪያቸው ቦቢ ክላርክ የላቀ ችሎታ ነበረው፤ በረኛቸውም በርኒ ፓረንት በዘመኑ አቻ አልነበረውም። ሆኖም ሌሎች ቡድኖች ከእነርሱ የቀዱት የክላርክን ችሎታ ሳይሆን የሹልትዝን ቡጢ ነበር፤ ቡጢ ለመቅዳት ይቀላልና።

የዚያ ዘመን መንፈስ ከሊጉ ውጭም ታይቷል። በ1972 ካናዳና ሶቪየት ኅብረት ስምንት ጨዋታ ሲጋጠሙ፣ በስድስተኛው ጨዋታ ሞስኮ ላይ ክላርክ የሶቪየቶቹን ድንቅ አጥቂ ቫሌሪ ካርላሞቭን በዱላ ቍርጭምጭሚቱ ላይ መታው። ካርላሞቭ ሰባተኛውን ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ፤ በስምንተኛው ቢሰለፍም እንደ ቀድሞው ሊሆን አልቻለም። ካናዳ በመጨረሻው ጨዋታ 34 ሰከንድ ሲቀር በገባች ግብ አሸነፈች። ግቧ በካናዳ እስከ ዛሬ በክብር ትወሳለች፤ የዱላው ምት ግን ካናዳውያንን ራሳቸውን ሲያከራክር ኖሯል።

የአውሮፓ ተጫዋቾች ይህን አጨዋወት ሲገናኙት የሚደርስባቸው ችግር ከድፍረት ማነስ የመጣ አልነበረም። እስከ 1969 ድረስ በዓለም አቀፉ ደንብ በተጋጣሚ ክልል ውስጥ በአካል መግጨት ክልክል ነበር። ስለዚህ በ1965 ለኒው ዮርክ ሬንጀርስ የተሰለፈው የመጀመሪያው ስዊድናዊ ኡልፍ ስተርነር፣ ዕድሜውን ሙሉ በሌላ ደንብ የሠለጠነ ሰው ነበርና አራት ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ኋላ ወደ ሀገሩ ተመለሰ። በአንዱ ሀገር ጥበብ የተባለው በሌላው ሀገር ደንብ ሲመዘን ክብደቱን ያጣል ማለት ነው።

4ኛ. የጋሻ ጃግሬ ሥርዐት

ዳኛ ጥበበኛውን ካልጠበቀው ማን ይጠብቀው? ቡድኖቹ ያገኙት መልስ ጋሻ ጃግሬ ማቆም ነበር። በኤድመንተን ቡድን ውስጥ ዌይን ግሬትስኪ የተባለው ተጫዋች በ1981–82 በአንድ ዓመት 92 ግብ፣ በ1985–86 ደግሞ 215 ነጥብ ሲያስመዘግብ፣ ዴቭ ሴመንኮ የሚባል ብርቱ ሰው በአጠገቡ ይሰለፍ ነበር። የሴመንኮ ሥራ በግልጽ የታወቀ ነበር፤ ግሬትስኪን የነካ ከእርሱ ጋር ይገናኛል። በ1988 ግሬትስኪ ወደ ሎስ አንጀለስ ሲሸጥ፣ ሌላው ጠባቂው ማርቲ ማክሶርሊ አብሮት ሄደ።

ለዚህ ሥርዐት የሚከራከሩ ሰዎች «ጉልበተኛው ባይኖር ጥበበኛው ባልተረፈ ነበር» ይላሉ። በዘመኑ ሁኔታ ሐሳባቸው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ይህ ጥበቃ ደም መላሽ ሲሆን ምን እንደሚያመጣ በ2004 ታየ። በየካቲት ወር የኮሎራዶው ስቲቭ ሙር የቫንኩቨርን መሪና ዋና ግብ አግቢ ማርኩስ ናስሉንድን ራሱን ገጨው፤ ዳኞችም ቅጣት አልሰጡም። በመጋቢት ቡድኖቹ እንደ ገና ሲገናኙ ቶድ በርቱዚ ሙርን ከኋላው በቡጢ መትቶ በበረዶው ላይ ደፋው። የሙር የአንገት አጥንቶች ተሰበሩ፤ ከዚያ ወዲህ በሊጉ አልተጫወተም። ናስሉንድም ቢሆን በበቀሉ ያገኘው ነገር የለም። ዳኛ ያልበየነውን ጥፋት ሰዎች በራሳቸው እጅ ሲበይኑት፣ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም።

ጋሻ ጃግሬው ራሱም የዚህ ሥርዐት ተጎጂ ነው። ዴሬክ ቡጋርድ የተባለው ታዋቂ ተደባዳቢ በ2011 በአልኮልና በሕመም ማስታገሻ መድኀኒት ምክንያት በ28 ዓመቱ ሞተ። አንጎሉ ሲመረመር በተደጋጋሚ ምት የሚመጣው የአንጎል በሽታ ተገኘበት። እንግዲህ ሥርዐቱ ሁለት ሰዎችን በአንድ ጊዜ ይበድላል። አንዱን በጥበቡ እንዳይኖር ያሰጋዋል፤ ሌላውን በጤናው እየከፈለ እንዲኖር ያደርገዋል።

5ኛ. የመጎተት ዘመን

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 2004 ድረስ ያለው ጊዜ ከቡጢው ዘመን ይልቅ ለጥናታችን ይጠቅማል፤ ጉዳቱ ደም የሌለበት ስለ ሆነ በቀላሉ አይታይምና። በ1995 የኒው ጀርሲ ዴቪልስ ቡድን በአሠልጣኙ በዣክ ለሜር መሪነት፣ ከፍተኛ ችሎታ የነበረውን የዲትሮይትን ቡድን 4 ለ 0 በሆነ ውጤት አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ዘዴው «የመሐል ሜዳ ወጥመድ» ይባላል። ተከላካዮቹ ወደ ፊት ከመሄድ ይልቅ በመሐል ሜዳ ተሰልፈው መንገዱን ይዘጋሉ፤ አጥቂውም ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ፓኩን ያጣል።

ወጥመዱ ራሱ ሕጋዊ ነው፤ አእምሮ የሚጠይቅ ዘዴም ነው። ነገር ግን በየቡድኑ ሲሠራበት አብሮት የሚሄድ ሕገ ወጥ ረዳት አገኘ፤ ይኸውም መጥለፍ፣ መያዝና ማገድ ነው። እያንዳንዱ ጥፋት ትንሽ ስለ ሆነ፣ ዳኛው ሁሉን ልቅጣ ቢል ጨዋታው በፊሽካ ብቻ ያልቅ ነበር። ስለዚህ የባሰውን ብቻ እየቀጣ ሌላውን አሳለፈ። አሠልጣኞችም ይህን ዐውቀው በየግጥሚያው ብዙ ትንንሽ ጥፋት መሥራትን አስተማሩ። ዐሥር ጊዜ ጎትቶ አንድ ጊዜ የሚቀጣ ቡድን ትርፉ የታወቀ ነው።

ቍጥሩ ይህን ይመሰክራል። በ1981–82 በአንድ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ የሚያገቡት ግብ በአማካይ 8 ያህል ነበር። በ2003–04 ግን ከ5 እምብዛም አላለፈም። በዚያ ዓመት አንድም ተጫዋች 100 ነጥብ አልደረሰም፤ በግብ ብዛት አንደኛ የሆኑት ሦስት ሰዎችም እያንዳንዳቸው 41 ብቻ ነበር ያገቡት። እርግጥ በረኞች በሥልጠናም በመሣሪያም ተሻሽለው ነበር፤ የበረኛው ልብስም ገዝፎ ነበር። ሆኖም ከምክንያቶቹ ዋነኛው የአጥቂው መንገድ መታሰሩ እንደ ነበረ የሚክድ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ በድፍረት የተናገረው የፒትስበርጉ ማሪዮ ለሚዩ ነበር። ለሚዩ በ1988–89 199 ነጥብ ያስመዘገበ ሰው ነው። በ1992 ሊጉን ከጋራዥ ጋር አመሳስሎ ነቀፈ፤ ደካሞቹ ጎትተው ሲጠቀሙ ችሎታ ያላቸው ሥራቸውን መሥራት አልቻሉም ሲል ከሰሰ። በዚያው ዓመት በዋንጫው ግጥሚያ አንድ የኒው ዮርክ ተጫዋች በዱላ መትቶ የግራ እጁን አጥንት ሰበረው። ለሚዩ የጀርባ ሕመምና ካንሰርም ነበረበት፤ ቢሆንም በ1997 በነጥብ ብዛት የሊጉ አንደኛ ሆኖ ሳለ ገና በ31 ዓመቱ ጨዋታ አቆመ። ከሕመሙ ሌላ ያቀረበው ምክንያት ይኸው የመጎተት አጨዋወት ነበር። በ2000 መጨረሻ ላይ ቢመለስም፣ ሊጉ ከታላላቅ ተጫዋቾቹ የአንዱን ከሦስት ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ አጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ተመልካች ገንዘብ የሚከፍለው ጥበበኛውን ለማየት ከሆነ፣ የቡድን ባለቤቶች ለምን ዝም አሉ? መልሱ ለኢኮኖሚ ትምህርት ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ኮከብ እንዲጠበቅለት፣ የተጋጣሚው ኮከብ ግን እንዲጎተት ይፈልጋል። አንድ ቡድን ብቻውን መጎተት ቢተው ይሸነፋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የሚበጀው ለሁሉ የማይበጅ ይሆናል። ሁሉም እየጎተተ፣ ሁሉም እየተጎተተ፣ የጋራው ጨዋታ ይከሳል። ከዚህ ዐይነቱ እስር አንዱ ብቻውን ሊወጣ አይችልም፤ ሁሉን የሚያስገድድ የበላይ ውሳኔ ያስፈልጋል።

6ኛ. የ2005 ፈተና

ውሳኔው የመጣው ከችግር በኋላ ነው። የ2004–05 ውድድር በባለቤቶችና በተጫዋቾች መካከል በተነሣ የደመወዝ ክርክር ምክንያት በሙሉ ተሰረዘ። በዚያ ባዶ ጊዜ፣ በታኅሣሥ 2004፣ የዲትሮይቱ ተጫዋች ብሬንዳን ሻናሃን ተጫዋቾችን፣ አሠልጣኞችንና ሌሎች የሆኪ ሰዎችን ቶሮንቶ ላይ ሰብስቦ ስለ ጨዋታው መልክ አነጋገረ። ሊጉ በ2005 መጸው ሲከፈት ከመሐል መሥመር አሻግሮ ረጅም ማቀበልን የሚከለክለው ደንብ ተነሣ፤ የበረኞች ልብስ ጠበበ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጥለፍ፣ መያዝና ማገድ ትንሽም ቢሆን እንዲቀጣ ለዳኞች ጥብቅ ትእዛዝ ተሰጠ።

ልብ እንበል። መጎተትን የሚከለክለው ደንብ አዲስ አልነበረም፤ ከጥንትም የተጻፈ ነበር። አዲሱ ነገር የተጻፈው መፈጸሙ ነው። ውጤቱም ወዲያው ታየ። በ2005–06 በአንድ ጨዋታ የሚገባው ግብ በአማካይ ከ6 በላይ ሆነ። ከውድድሩ መሰረዝ በፊት አንድም ሰው ያልደረሰበትን 100 ነጥብ ሰባት ተጫዋቾች ደረሱበት፤ የመጀመሪያው ጆ ቶርንተን 125 አስመዘገበ። አንድም ሰው ያላገባውን 50 ግብ አምስት ሰዎች አገቡት። ጥበብ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሰማይ አልወረደም። ከእነዚህ ተጫዋቾች ብዙዎቹ በ2003–04ም በሜዳው ላይ ነበሩ። ኮከቦች ጠፉ ሲባል የነበረው፣ ኮከቦቹ ታስረው እንጂ ጠፍተው እንዳልነበረ ተረጋገጠ።

የቁመት ነገርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ማርቲን ሴንት ሉዊስ ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ያህል ስለ ነበረ በወጣቶች ምርጫ ማንም አልመረጠውም፤ በ2000 ደግሞ የካልጋሪ ቡድን አሰናበተው። ይኸው ሰው ታምፓ ገብቶ በ2004 በ94 ነጥብ የሊጉ አንደኛ ሆነ፤ ዋንጫም ወሰደ። አንዳንዶች «እነሆ፣ በመጎተት ዘመንም ትንሹ ሰው አሸንፏል» ብለው ይጠቅሱታል። እኛ ግን ጥያቄውን ገልብጠን፣ እንደ እርሱ ተሰናብተው ታምፓ ያላገኙ ስንቶች ነበሩ ብለን እንጠይቃለን። አንድ ሰው በጠባብ በር ማለፉ በሩ ሰፊ መሆኑን አያስረዳም።

7ኛ. ፍጥነትና የአንጎል ጉዳት

ይሁን እንጂ የ2005 ማሻሻያ ንጹሕ ድል ነበር ብለን ብናበቃ ጥናታችን ጐደሎ ይሆናል። መጎተት ሲቀር ፍጥነት ጨመረ፤ ፍጥነት ሲጨምር ግጭቱ ከበደ። በሜካኒክስ ሕግ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ኀይሉ አራት እጥፍ ይሆናልና። የአንጎል መናወጥ ግን ከዚያም በፊት ጥበበኞችን ሲጥል የቈየ ነው። ፓት ላፎንቴን በዚሁ ምክንያት በ1998 ጨዋታ አቆመ። ኤሪክ ሊንድሮስ በግንቦት 2000 በስኮት ስቲቨንስ ትከሻ ራሱን ተመታ፤ ምቱም በዘመኑ ደንብ ሕጋዊ ነበር። ፖል ካሪያ በ1998 ፊቱን በዱላ ተመትቶ የናጋኖ ኦሎምፒክ አመለጠው፤ በ2011ም በራስ ምት ጠንቅ ከጨዋታ ተለየ።

በመጋቢት 2010 የቦስተኑ አቀባይ ማርክ ሳቫርድ ፓኩን ለቆ ሳለ ከማያየው በኩል ራሱን በትከሻ ተመታ። መቺው አልተቀጣም፤ በትከሻ ራስን መምታት በደንቡ አልተከለከለምና። የሳቫርድ የጨዋታ ዘመን በ2011 መጀመሪያ አበቃ። ሊጉ በዚያው በ2010 ከማይታይ ጎን ራስን መምታት የሚከለክለውን አንቀጽ 48 አወጣ፤ በ2011ም አሰፋው። በመካከሉ፣ በጥር 2011 መጀመሪያ፣ የዘመኑ አንደኛ የነበረው ሲድኒ ክሮስቢ በአራት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተመታ፤ እስከ ኅዳር 2011 ድረስም አልተጫወተም። ክሮስቢ ተመልሶ በ2016 እና በ2017 ዋንጫ ለመውሰድ በቅቷል። ሳቫርድ ግን አልታደለም።

ለምን ጥበበኛው ይበልጥ ይመታል? ፓኩን ብዙ ጊዜ የሚይዘው እርሱ ስለ ሆነ ነው። ደግሞም አቀባይ ሰው ዐይኑ ባልንጀራውን ይፈልጋል እንጂ የሚመጣበትን ገጪ አይመለከትም። ችሎታው የሆነው ነገር ራሱ አደጋው ይሆናል። የቦስተኑ ቦቢ ኦር ለዚህ የጥንት ምሳሌ ነው። ተከላካይ ሆኖ ሳለ በ1970 እና በ1975 በነጥብ ብዛት የሊጉ አንደኛ ለመሆን የበቃ ብቸኛ ሰው ነው። ፓኩን ይዞ በተጋጣሚዎቹ መካከል እየሰነጠቀ የሚያልፍ ስለ ነበረ የግራ ጉልበቱ ደጋግሞ ተጎዳ፤ በ1978 በ30 ዓመቱ አቆመ። በመጨረሻ በተሰለፈበት በቺካጎ ቡድን የተጫወተው በድምሩ 26 ጊዜ ብቻ ነበር።

8ኛ. ሊቀርብ ስለሚችል ተቃውሞ

አንባቢ ሆይ፣ በሐሳባችን ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞ ይቀርባል። የመጀመሪያው «ኀይልን መቋቋምም የጥበብ ክፍል ነው» የሚል ነው። ጎርዲ ሃው በጥበብም በክርንም የሚፈራ ሰው ነበር፤ በ1980 ሲያቆም ዕድሜው 52 ደርሶ ነበር። ስዊድናዊው ቦርዬ ሳልሚንግም በ1973 ቶሮንቶ ገብቶ ብዙ ዱላና ስድብ ቢደርስበት፣ ለ16 ዓመታት ያህል ቶሮንቶን አገልግሎ በ1996 በሆኪ የክብር አዳራሽ ተመዘገበ። ይህን አንክድም። ነገር ግን ሳልሚንግ የቻለው ዱላ አብዛኛው በደንቡም የተከለከለ ነበር። የጀግና መታገሥ የበዳይን በደል ሕጋዊ አያደርገውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ግጭት ከተነሣ ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ይሆናል» የሚል ነው። በዚህ እንስማማለን። በ2024 እና በ2025 የፍሎሪዳ ቡድን በብርቱ ግፊት ተጫውቶ ኮነር ማክዴቪድ ያለበትን የኤድመንተን ቡድን ሁለት ጊዜ አሸንፏል። በ2022–23 153 ነጥብ ያስመዘገበው ማክዴቪድ፣ በ2024 ቡድኑ ተሸንፎ ሳለ የዋንጫው ግጥሚያ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸልሟል። ደንቡ የሚፈቅደው ጉልበት ጥበብን መፈተኑ ጨዋታውን ያጣፍጠዋል። በዋንጫ ግጥሚያ ጊዜ ግን ዳኞች ፊሽካቸውን በኪሳቸው ይከታሉ የሚለው የቈየ ክስ እስከ ዛሬ አልጠፋም። ይህ ክስ እስካለ ድረስ የ2005 ሥራ ተፈጽሟል ለማለት አይቻልም።

መደምደሚያ

ከላይ የዘረዘርነውን ባጭሩ ብንሰበስበው ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ የሆኪ ሻካራነት በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም፤ ፓኩን አብዝቶ የሚይዘውን ጥበበኛ ለይቶ ያጠቃል። ሁለተኛ፣ ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ወይ ደንቡ ዝም ካለበት እንደ ሳቫርድ ምት ካለ ነገር፣ ወይም ደንቡ ተናግሮ ዳኛው ዝም ካለበት እንደ መጎተት ካለ ነገር ነው። ሦስተኛ፣ በ2003–04 እና በ2005–06 መካከል የታየው ልዩነት እንደሚያስረዳው፣ ይህ ሁሉ በውሳኔ የመጣ ስለ ሆነ በውሳኔ ሊቃና ይችላል።

የባለሙያ ስፖርት አስተዳዳሪዎች ብዙ ጊዜ «ጨዋታው እንዲህ ነው» ብለው ያልፋሉ። ጨዋታው ግን እንዲህ የሚሆነው ሰዎች እንዲህ ሲያደርጉት ነው። አንድ ማኅበር ከልጆቹ መካከል ችሎታ ያለው ጠፋ ብሎ ሲያዝን፣ ከማዘኑ በፊት በየደቂቃው ማን ማንን እየጎተተ እንደ ሆነና ፊሽካው በማን እጅ እንዳለ ቢመረምር መልካም ነው እንላለን።